ጀርባዋን ለበሩ የሰጠች እናት

አንዲት ሴት ነበረች። ሆስፒታል ውስጥ፣ ኮሪደር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ ታያለች። ግድግዳው ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ ቀለሙ የተላላጠ ተራ ግድግዳ ነው። ከኋላዋ በር አለ። ከበሩ ወዲያ የወለደቻት ልጅ ተኝታለች።

ምእመናን፣ እስቲ የወለዳችሁ እናቶች መልሱልኝ። ልጅሽ ከበር ወዲያ ተኝታ አንቺ ግድግዳ ታያለሽ? ጀርባሽን ሰጥተሽ ትቀመጫለሽ? አትቀመጪም! በሩን ትገነጥዪው ነበር እንጂ። ታዲያ ይህች ሴት ምን ነክቷት ነው? አንጀት የላትም? ቆዩኝማ፣ አትቸኩሉ። እኛ ለመፍረድ ስንሮጥ ጫማችንን እንኳ አንጫማም።

ስሟ ይርገዱ ነው። ከወንዝ ማዶ ካለ ገጠር የመጣች የገበሬ ሚስት ናት። ከዚህች ልጅ በፊት ሁለት ወልዳለች። የመጀመሪያው ወንድ ነበር፤ ገና ክርስትና ሳይነሳ በትኩሳት ሄደ። ሁለተኛዋ ሴት ነበረች። እሷስ ፊት መለየት ጀምራ ነበር፤ እናቷ ስትመጣ ድዷን ታሳይ ነበር። አንድ ሳምንት አመማትና እሷም ተከተለች። ሁለት ልጅ ከጉያ ሲወጣ ሰው ምን ይላል? የመንደሩ ሰው አንድ ቃል ተናገረ፤ «ሾተላይ ነው» አለ።

ሾተላይን ታውቁታላችሁ፤ አናውቅም እንዳትሉኝ። የሚወደድ ሕፃን አድብቶ ከእናቱ ጉያ የሚነጥቅ ነው ይሉታል። መድኃኒቱም ማታለል ነው ይባላል። ልጁን ይክዱታል። «የኛ አይደለም፣ መንገድ ላይ ወድቆ አገኘነው» ይሉታል። አይስሙትም፣ አያቆላምጡትም፣ የሚያምር ስም አያወጡለትም። ያ የሚያደባው ሰምቶ «ይህንስ ማንም አይፈልገውም» ብሎ ትቶት እንዲያልፍ ነው። እንግዲህ ይህ ነው ነገሩ። ሳቃችሁን ያዙ፤ አሁን የምነግራችሁ ሰዎች የሚሳቅባቸው አይደሉም።

ሦስተኛዋ ልጅ ሳትጠበቅ፣ በሰባት ወሯ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ተወለደች። ጫጩት ናት ብላችሁ እመኑኝ። እዚያ ያሉት «ይህችስ ከኛ አቅም በላይ ናት» ብለው በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኳት። አብረው የመጡት የይርገዱ እናት ወይዘሮ አስረበብ ናቸው። ይርገዱ እናቷን «እትዬ» ነው የምትላቸው፤ አንቱ ነው የምትላቸው። ከልጅነቷ እንደዚያ ለምዳ ነው። ባልየው ከብቶቹን ለጎረቤት አደራ ብሎ እስኪደርስ ገና መንገድ ላይ ነው።

ከአምቡላንሱ ሲወርዱ ሲስተር ቀለሟ የምትባል ነርስ ተቀበለቻቸው። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኃላፊ ናት። ፈጣን ናት፣ ቁጡ ናት፣ ሆዷ ግን ባዶ ነው፤ ቂም አትይዝም። ጥቅሉን ከወይዘሮ አስረበብ እጅ ተቀብላ፣ ገለጥ አድርጋ አይታ፣ «እናቷ የታለች?» አለች።

«እናት የላትም» አሉ ወይዘሮ አስረበብ ጮክ ብለው። «የመንገደኛ ልጅ ናት። ጥለዋት ሄዱ። እኛ ለጽድቅ ብለን ነው ያመጣናት።»

ሲስተር ቀለሟ ዞር ስትል ይርገዱ ከአምቡላንሱ በሁለት ሰው ተደግፋ ትወርዳለች። ቀሚሷ ደም ነው። ፊቷ ገርጥቷል።

«እሷስ እማማ፣ ምን ሆና ነው?»

«እሷማ ሆዷን አሟት ነው።»

ኧረ በስማም! ሆዷንስ አሟታል፤ ሐሰት አልተናገሩም። ሲስተር ቀለሟ ግን የከተማ ልጅ ናት፤ ይህን የሾተላይ ማታለል አታውቀውም። ደሟ ፈላ። «ልጅ ወልዳችሁ መካድ አታፍሩም? እኔ ዛሬውኑ ለሚመለከተው አካል ነው የምናገረው!» ብላ ሕፃኗን ይዛ ወደ ውስጥ ሮጠች። ወደ ማሞቂያ ሣጥን አስገባቻት፤ በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አደረገችላት።

ተመልሳ ስትመጣ ይርገዱ እጇን ያዘቻት። ወደ ጆሮዋ ተጠግታ፣ «ሲስተር፣ የኔ ናት» አለቻት። «የኔ ናት፤ ግን እባክዎ ጮክ አይበሉ።»

ከዚያ ነገሩን ሁሉ በሹክሹክታ ነገረቻት። የሲስተር ቀለሟ ቁጣ እንደ ጉም በነነ። «በይ እሺ፣ አልናገርም» አለችና አንዲት ትንሽ ኩባያ ሰጠቻት። «ግን ልጅሽ የምትበላው ወተት ነው። ለመጥባት አቅም የላትም። ጡትሽን እንዲህ አድርገሽ እያለብሽ በዚህ አምጪልኝ፣ እኔ በቱቦው አደርስላታለሁ። ደግሞ ገብተሽ እያት።»

«አላይም፣ ሲስተር።»

«እንዴት አታዪም?»

«ካየኋት አልችልም። ወተቱን ግን አመጣለሁ።»

ይርገዱ ወደ እናቶች ማረፊያ ገባች። እዚያ ያሉት ሌሎች እናቶች ሁሉ ኩባያቸውን ይዘው ያልባሉ፤ አንዷ ግማሽ ሞላች፣ አንዷ ሞላ አደረገች። ይርገዱ አለበች፣ አለበች፣ ጣቷ እስኪዝል አለበች። የኩባያው ቂጥ ረጠበ እንጂ አልተሸፈነም። ወይዘሮ አስረበብ አጥሚት አመጡ፤ ጠጣች። ተልባ አመጡ፤ ጠጣች። አብሽ አስመጡ፤ ጠጣች። ሆዷ ተነፋ እንጂ ጡቷ አልሰማም። በማግስቱም ያው ነው። በሠልስቱም ያው ነው።

የዱቄት ወተት ተሞከረ። የሕፃኗ ሆድ ከበሮ ሆነ፤ ወዲያው ተቋረጠ። ከጎኗ ያለችው እናት አዘነችና «የኔ ተርፎኛል፣ ውሰጂ» አለቻት፤ ሳይመረመር አይሰጥም ተባለ። ሐኪሙ መጥቶ አየና «በደም ሥሯ የምንሰጣት ብዙ አያቆያትም፤ የእናቷ ወተት ያስፈልጋታል» ብሎ ሄደ። አሁን ገባችሁ አይደል? በር ወዲህ እናት አለች፤ በር ወዲያ ልጅ አለች። ልጅቷ በረሃብ ልትሄድ ነው፤ እናቲቱ ደግሞ ግድግዳ ታያለች።

ሲስተር ቀለሟ መጥታ አግዳሚው ላይ ከጎኗ ቁጭ አለች። ለወትሮው ቁጭ የምትል ሴት አይደለችም።

«ይርገዱ፣ ስሚኝ። አንቺ ወተት የለኝም ትያለሽ። ወተቱ አለ። ጡትሽ ውስጥ የወይን ዘለላ የመሰሉ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። ከደምሽ ውስጥ የሚያስፈልገውን እየወሰዱ ወተት ይሠራሉ። ሠርተው ግን ዝም ብለው አያወርዱትም፤ ትእዛዝ ይጠብቃሉ።»

«ከማን?»

«ከዚህ።» ሲስተር ቀለሟ ግንባሯን በጣቷ ነካች። «ከአንጎልሽ ሥር ሽምብራ የምታህል እጢ አለች። ዓይንሽ ልጅሽን ሲያይ፣ ጆሮሽ ለቅሶዋን ሲሰማ፣ አፍንጫሽ ጠረኗን ሲያገኝ፣ ገላሽ ገላዋን ሲነካ፣ ወሬው በነርቭ እዚያ ይደርሳል። እጢዋም በደም በኩል መልእክት ትልካለች። ያኔ ከረጢቶቹ ይጨመቃሉ፣ ወተቱ ይወርዳል። ፍርሃት ሲበዛ ግን መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ወተቱ ሳይወርድ ሲቆይ ደግሞ ከረጢቶቹ ፈላጊ የለንም ብለው መሥራቱንም ይተዉታል። ዓይንሽ አያያት፣ ጆሮሽ አይሰማት፤ ልጅ እንዳለሽ ማን ይንገረው ለገላሽ?»

ይርገዱ አሰበች። «በእኛ አገር ይህ ነገር ያለው አንጀት ውስጥ ነው» አለች።

«አንጀት በይው፣ በስሙ አንጣላም።»

«ታዲያ ወተቱን የሚያወርደው ናፍቆት ነው የሚሉኝ?»

«በአጭሩ አዎ፣ ናፍቆት ነው።»

ይርገዱ ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች። ከዚያ እንዲህ አለች፤ «ሲስተር፣ እኔ እኮ እዚህ የተቀመጥኩት እንዳልናፍቃት ነው። ሁለቱን ናፍቄ ናፍቄ ቀበርኩ። ትንሿን ከቀበርናት በኋላ አንድ ወር ሙሉ ክንዴ ባዶውን ይታቀፍ ነበር። እንጨት ስለቅም እንኳ እንደ ሕፃን ነው የምታቀፈው። ይህችን ሳልለምዳት፣ ሳላውቃት ትደግልኝ ብዬ ነው። ካላደገችም ሳላውቃት ትሂድ ብዬ ነው።»

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ወገኖቼ። የራሳችሁን ገላ አስቡ። ልባችሁ አሁን፣ እኔን እየሰማችሁ፣ ይመታል። ምታ ብላችሁታል? አላላችሁትም። ሳንባችሁ አየሩን ይስባል፣ ያወጣል፤ ተኝታችሁም አይተኛም። ጨጓራችሁ የሰጣችሁትን ይፈጫል። ኩላሊታችሁ ደማችሁን ያጥባል። ጉበታችሁ መርዙን ይለያል። ወደዳችሁ ጠላችሁ፣ ደግ ሆናችሁ ክፉ፣ እነዚህ ሥራቸውን አያቆሙም። እግዚአብሔር ሲሠራን ለእኛ ጠባይ ቢተዋቸው ኖሮ ስንቱ በተቆጣ ቁጥር ልቡን ሥራ ባስፈታ ነበር!

የእናት ወተት ነገር ግን ሌላ ነው። እርሱን የሰጠን ፈጣሪ ከፊት ጋር፣ ከድምፅ ጋር፣ ከጠረን ጋር አያይዞታል። የምትወደውን እያየች እንድትሰጥ አድርጎ ነው የሠራት። ልቧ እንዳይሰበር ብላ ዓይኗን የጨፈነች እናት አብሮ የሚዘጋባት ሌላ በር አለ። ይርገዱ የዘጋችው ለሐዘኑ ነበር፤ የተዘጋው ግን ለወተቱም ነው። አንዱን ብቻ መርጦ መዝጋት አይቻልማ!

«ብገባ ትድናለች?» አለች ይርገዱ።

ሲስተር ቀለሟ መዋሸት አልቻለችበትም። «አልምልልሽም» አለቻት። «ልትድንም ላትድንም ትችላለች። እንዲህ ከቀረሽ ግን እንደማትድን አውቃለሁ።»

ይርገዱ ተነሳች። ዞራ በሩን አየችው። ይህን ጊዜ ወይዘሮ አስረበብ በፔርሙዝ አጥሚት ይዘው ከወዲያ ብቅ አሉ። ልጃቸው ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ሲያዩ ነገሩ ገባቸው፤ ፔርሙዙን ወለሉ ላይ አስቀምጠው በሩ ላይ ተገተሩ።

«የት ነው?»

«ልገባ ነው፣ እትዬ። ልጄ ጋ።»

«ዝም በይ! አፍሽን ዝጊ! ልጄ አትበይ፣ ይሰማሻል!»

«ይስማ።»

«ይስማ? ሁለቱን ስመሽ ስመሽ፣ አቆላምጠሽ አቆላምጠሽ አይደለም ወይ ያስበላሻቸው?»

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸውም ደነገጡ። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ይርገዱ ግን አልጮኸችም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሆዷ ውስጥ የነበረ ጥያቄ ነበር፤ ያን ዕለት እዚያ በር ላይ ወጣ።

«እትዬ፣ እኔን አንድ ቀን ስመውኝ ያውቃሉ?»

ወይዘሮ አስረበብ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ወዳለው ፔርሙዝ ጣሉ።

አያችሁ፣ ወይዘሮ አስረበብም ከይርገዱ በፊት አራት ቀብረዋል። አምስተኛዋን፣ ይርገዱን፣ ሲወልዱ ወስደው ከደጅ አስቀመጧትና ጎረቤት አንስታ አመጣችላቸው። «የመንገደኛ ልጅ ናት» አሉ። አሏትና ኖረች። ስለኖረችም ክህደቱን ሊያቆሙት ፈሩ። ነገ እተወዋለሁ፣ ስታድግ እተወዋለሁ፣ ስትዳር እተወዋለሁ ሲሉ ዕድሜ ሄደ። የሌሎቹ ልጆች «እማ! እማ!» እያሉ እናታቸው ቀሚስ ውስጥ ሲገቡ ይርገዱ ራቅ ብላ ቆማ «እትዬ» እያለች አደገች። እናት ነበረቻት፤ እናት እንዳለችው ልጅ ግን አልኖረችም። በሠርጓ ቀን ስትሰናበት እንኳ ጉንጯን ያልሳሟት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ተኝተሽ እስምሽ ነበር» አሉ ወይዘሮ አስረበብ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «እንቅልፍ ጥሎሽ ሲሄድ። ግንባርሽን። አንቺ አታውቂም።»

«ነቅቼ ቢሆን ምናለበት?»

«ነቅተሽማ ቢሆን ይሰማ ነበር፣ ልጄ... ኖርሽልኝ እኮ! ስለካድኩሽ ኖርሽልኝ!»

«ኖርኩ እማ» አለች ይርገዱ። እማ አለቻቸው፤ አንቱታውም ወደቀ። «ኖርኩልሽ። ግን አጠገብሽ ሆኜ ስናፍቅሽ ኖርኩ። ከምድጃው ወዲያ ቁጭ ብለሽ እያየሁሽ እናፍቅሽ ነበር። እኔ ይህችን ልጅ በዚህ አላሳድጋትም። ብትኖር እንደዚህ አትኑር። ብትሞት ደግሞ የማንም ሳትሆን አትሙት። ዞር በዪልኝ እማ።»

ወይዘሮ አስረበብ ዞር አሉ። አላቀፏትም፣ አላለቀሱም፤ ዞር ብቻ አሉ። እጃቸው የሚያርፍበት አጥቶ ፔርሙዙን አንስተው ያዙት።

ሲስተር ቀለሟ ይርገዱን አስገብታ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ደረቷን አስከፈተቻት። ሣጥኑን ከፍታ ያችን ጫጩት ከነቱቦዋ አነሳችና ገላዋን ከገላዋ፣ ደረቷን ከደረቷ አድርጋ በነጠላዋ ሸፈነቻት። ምእመናን፣ ሕፃኗ ክብደት አልነበራትም። ይርገዱ ዝቅ ብላ አየቻት። ጆሮዋ ገና አልጠነከረም፤ ሲታጠፍ እንደታጠፈ ይቀራል። ጀርባዋ ላይ ስስ ጸጉር አለ። ከቆዳዋ ሥር ደም ሥሯ ይታያል። ልቧ ደግሞ እንዴት ይሮጣል! ይርገዱ የራሷን ልብ ምትና የሕፃኗን ምት ለየቻቸው፤ አንዱ ቀስ ይላል፣ አንዱ ይጣደፋል።

ወተቱ ወረደ ብላችሁ ጠብቃችሁ ነበር አይደል? አልወረደም። እየጠበቀች ነው፤ የለም። ሲስተር ቀለሟ «አይዞሽ፣ አትጣደፊ» ትላለች፤ የለም። ለካ አንዳንድ በር ተዘግቶ ከቆየ ማጠፊያው ይዝጋል። ይርገዱ ልጇን ታያለች፣ ትሸታለች፣ ትነካለች፤ ሰውነቷ ግን አሁንም አንድ ነገር እንደሚፈራ ሰው ግትር ብሏል። ስሜት ሁሉ እሷ አጠገብ ቆሞ ግባ የሚለው ያጣ ይመስል ነበር።

ይህን ጊዜ ከውጭ የዘበኛው ድምፅ ተሰማ።

«እማማ፣ እዚህ መቆም አይቻልም። እናት ብቻ ናት የምትገባው። ደግሞ እርስዎ የማን ነዎት?»

ይርገዱ ከውስጥ ሆና ጆሮዋ ቆመ። ይህን ጥያቄ ሕይወቷን ሙሉ ስትሰማው ኖራለች። ገበያ ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ «ይህችስ የማን ናት?» ሲባል እናቷ የሚመልሱትን መልስ በልቧ ታውቀዋለች።

«እኔ?» አሉ ወይዘሮ አስረበብ። «እኔ... የይርገዱ እናት ነኝ።»

ዘበኛው አልሰማም መሰለኝ፣ «ማን አሉኝ?» አላቸው።

«የይርገዱ እናት ነኝ አልኩህ!» ኮሪደሩ አስተጋባ። «የወለድኳት እኔ ነኝ! በሆዴ የተሸከምኳት፣ ያማጥኳት እኔ ነኝ! ያችም ውስጥ ያለችው የልጅ ልጄ ናት! የኔ ናቸው፣ ሁለቱም የኔ ናቸው! የሚሰማ ካለ ይስማ! ያደባም ካለ ይስማ! ሠላሳ ዓመት አፌን አፍኜ ኖሬያለሁ፣ በቃኝ!»

«እሺ እማማ፣ እሺ! እኔ ምን አልኩ?» አለ ዘበኛው ደንግጦ። «ብቻ ቀስ ይበሉ፣ ሕፃናት ተኝተዋል።»

ይርገዱ ውስጥ ሆና አለቀሰች። እንዲህ ያለ ለቅሶ ለሁለቱም ልጆቿ አላለቀሰችም። ትከሻዋ ወረደ፣ አንገቷ ላላ፣ እንባዋ ሕፃኗ ራስ ላይ ተንጠባጠበ። እያለቀሰች ሳለ ጡቷን ነዘር አደረጋት። እንደገና ነዘራት። ዝቅ ብላ ስታይ ነጠላዋ ረጥቧል፣ ቀሚሷ ረጥቧል፣ የሕፃኗ ጉንጭ ረጥቧል። «ሲስተር!» ብላ ጮኸች። ሲስተር ቀለሟ ኩባያ ፍለጋ ስትሮጥ ጫማዋ አዳልጧት ልትወድቅ ነበር። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላል ያገራችን ሰው። ወተትም እንደዚያው ነው፣ ወገኖቼ።

ልጅቷ ኖረች ወይ ትሉኛላችሁ። ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ኖራለች። ወር አልፎ ከዚያ ክፍል ወጣች፤ በሰማንያ ቀኗም ክርስትና ተነሳች። ያነሳኋት እኔ አይደለሁም፣ ግን በቦታው ነበርኩ። አያትየው ሕዝቡ ሁሉ እያየ ይስሟታል፣ ይስሟታል፣ ያለፈውን ዘመን ሁሉ ባንድ ቀን ሊጨርሱት ነው እንዴ አልኩ።

ይርገዱን ለብቻዋ ጠርቼ ጠየቅኋት። «ልጄ፣ ያን ዕለት ገብተሽ ሕፃኗ ብትሞትብሽ ኖሮ ምን ትዪ ነበር? መግባቴ ጎዳኝ አትዪም ነበር?» አልኳት። እንዲህ ስል እኔ ጥሩ መልስ የማስተምር መስሎኝ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና፣ «አባ፣ ብትሞትም የኔ ሆና ነበር የምትሞተው» አለችኝ። 

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ይርገዱን አንርሳት፤ ግን እሷ በሩን አልፋ ገብታለች። እኔን የሚያሳስበኝ እስካሁን አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ነው። አንተ ከኋላ ምሰሶውን ተደግፈህ የቆምከው፣ ልጅህ ያለፈቃድህ አገባ ብለህ «እኔ ልጅ የለኝም» አላልክም? ሰው ስለ እሱ ሲያነሳ ወሬ አትቀይርም? ለምን? ጠልተኸው ነው? አዎ እንዳትለኝ። ብትጠላውማ ስሙ ሲጠራ ሽሮው ጉሮሮህ ላይ አይቀርም ነበር። አንቺስ እህትሽን የተጣላሽው? «ሞተችም ኖረችም አያገባኝም» የምትዪው? አንቺስ ስለ ባልሽ መጸለይ ያቆምሽው? ስትለምኚ ስትለምኚ መልስ ሲዘገይ፣ ካልጠበቅኩ አላዝንም ብለሽ ጸሎቱን ከነስሙ ያነሳሽው?

ስላልናፈቃችሁ አይደለም። አውቃችኋለሁ። ፈርታችሁ ነው። እንደገና ከናፈቅኩ እንደገና እሰበራለሁ ብላችሁ ነው። እውነት ነው፣ ልትሰበሩ ትችላላችሁ። ሲስተር ቀለሟ አልማለችም፤ እኔም አልምልላችሁም። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ እርሱን መውደድ ካቆማችሁ ወዲህ ሌላውንስ መውደድ ቀሏችኋል? ሚስትህ ደረቅህብኝ አላለችህም? ልጆችሽ እናታችን ምን ሆነች አላሉሽም? አንዱን በር ለአንድ ሰው ዘግቼ ለሌላው እከፍታለሁ የሚል ካለ ገላው ከማን እንደተሠራ አያውቅም።

እግዚአብሔርማ ናፍቆቱን አልደበቀም! እንደምንክደው ያውቅ ነበር። እንደምንርቀው፣ እንደምናሳፍረው፣ ስሙን ሰምተን ወሬ እንደምንቀይር ያውቅ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቀ ጮክ ብሎ «ልጆቼ» ብሎ ጠራን፤ ሰማይም ምድርም ጠላትም እየሰማ። በሹክሹክታ አይደለም። ተኝተን ስናንቀላፋ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ፣ በአደባባይ፣ ልቡ እንደሚቆስል እያወቀ ጠራን።

እንግዲህ እናንተም ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አንድ ሰው ጥሩ። ማንን እንደሆነ እኔ ልነግራችሁ አይገባም፤ ቃሌን ገና ሳልጨርስ ሆዳችሁ ነግሯችኋል። ቤታችሁ ገብታችሁ ለምሳ ሳትቀርቡ ጥሩት። ስልክ ያለው ይደውል፣ እግር ያለው ይሂድ፣ ሁለቱም የሌለው ተንበርክኮ በስሙ ይጸልይለት። ላይመልስ ይችላል። ስልኩን ሊዘጋባችሁ ይችላል። ደጃፉ ላይ አቁሟችሁ «የማን ነህ?» ሊላችሁ ይችላል። ዓይኑን እያያችሁ የማን እንደሆናችሁ ንገሩት፤ እሱም የማን እንደሆነ ንገሩት። ቢመለስ እሰይ። ባይመለስ ደግሞ የናንተ ሆኖ እንደሚቀር ይወቀው፤ ይህን ሳያውቅ ማንም ልጅ፣ ማንም እህት፣ ማንም ባል ከዚህ ዓለም አይሂድባችሁ።